ፋይሉ በአንድ መንገድ፣ ቁጥሩ በሌላ መንገድ፦ ትልልቅ አይኤስኦ ፋይሎችን ስለማረጋገጥ

በአንድ የነሐሴ ሳምንት ውስጥ የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ አራት ጊዜ ወርጄ አራት ጊዜ ወጥቻለሁ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም በክረምት ጉሙ መንገዱን ስለሚሸፍነው ሚኒባሱ እያዘገመ ነው የሚሄደው፤ ደርሶ መልሱ የግማሽ ቀን ሥራ ይበላል። ከአራቱ ጉዞዎች ሦስቱ የባከኑት ከኢንተርኔት ያወረድኩት አንድ ፋይል ደህና መሆኑን በአንድ ደቂቃ ሥራ ሳላረጋግጥ በመነሣቴ ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ኮምፒውተር የሚጠግኑ፣ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የሚያስተዳድሩ ወይም በገዛ ላፕቶፓቸው ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚጭኑ ሰዎች ያንን ድካም እንዳይደክሙ ነው።

ሥራዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ካለ አንድ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆኑ መምህር መጥተው 18 አሮጌ ኮምፒውተሮች መስከረም ሳይጠባ ለተማሪዎች እንዲደርሱላቸው ጠየቁኝ። ማሽኖቹ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ስለሆኑ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ እሱም ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለው ዓይነት፣ ይስማማቸዋል ብለን ተነጋገርን። የአይኤስኦ ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። አይኤስኦ ማለት አንድ የመጫኛ ዲስክ ከነማስነሻው፣ ከነፕሮግራሞቹ እንዳለ ተገልብጦ በአንድ ፋይል የተቀመጠበት ምስል ነው፤ አብዛኛው ይዘቱም ተጨምቆ የታሸገ ስለሆነ ከውስጡ ጥቂት ባይት ቢበላሽ በዙሪያው ያለው ሁሉ አይፈታም፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይበትም።

ፋይሉን በዳውንሎድ ማኔጀር ሌሊት ሌሊት አወረድኩት። ዝናቡና መብረቁ የበረታበት ጊዜ ስለነበረ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሲመለስ ፕሮግራሙ ካቆመበት ቀጠለ፤ በሁለተኛው ሌሊት ማለቂያ ላይም መቶ በመቶ መጠናቀቁን አሳየኝ። እኔም ያለማጣራት አላለፍኩትም፤ በፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ መጠኑን በባይት ተመለከትኩ፤ በድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አንዲት ባይት እንኳ አልተለያየም። ይህ በቂ መስሎኝ በፍላሽ ላይ ጻፍኩትና ኮምቦልቻ ወረድኩ።

የመጀመሪያው ማሽን ከፍላሹ ተነሣ፤ መጫን ጀመረ፤ ፋይሎችን እየቀዳ ሳለ ግን ቆመ። ወደ ጥቁሩ ስክሪን ስሻገር ስኳሽኤፍኤስ የሚል ቃል ያለበት አንድ የስህተት መስመር ደጋግሞ ይወርዳል። ስኳሽኤፍኤስ በአይኤስኦው ውስጥ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተጨምቆ የተቀመጠበት ጥቅል ነው። የማሽኑን ሃርድ ዲስክ ጠረጠርኩና ወደ ሁለተኛው ሄድኩ፤ እዚያም ቆመ። ሦስተኛውም ቆመ። መምህሩ ሻይ አስመጥተው «አብሽር ወንድሜ፣ ነገም ቀን ነው» አሉኝ። በማግስቱ ሌላ ፍላሽ ይዤ ወረድኩ፤ በተከታዩ ቀን ደግሞ ከሱቄ ደህና መሆኑን የማውቀውን ሃርድ ዲስክና ሁለት ራም ጨምሬ ወረድኩ። ሁሉም በዚያው ቦታ ይቆማል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እኔ ግን በሦስተኛው ቀን ማታ ብቻ ያስተዋልኩት ምልክት ነበር። የተለያዩ ማሽኖች፣ የተለያዩ ፍላሾችና የተለያዩ ዲስኮች ሁሉ እኩል ቦታ ላይ የሚቆሙ ከሆነ ጥፋቱ የሁሉም በሆነው ነገር ውስጥ ነው፤ የሁሉም የነበረው ደግሞ ፋይሉ ብቻ ነው። አንዱ ማሽን እዚህ ሌላው እዚያ ቢቆም ኖሮ ማሽኖቹን ወይም ፍላሹን መጠርጠር ተገቢ ይሆን ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የፋይሉን ሃሽ አሰላሁ። ሃሽ ወይም ቼክሰም የሚባለው፣ አንድን ፋይል ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው አንብቦ ከይዘቱ የሚያወጣው አጭርና ቋሚ ርዝመት ያለው ቁጥር ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚያገለግለው ኤስኤችኤ-256፣ በአነጋገር ሻ-256 የምንለው ነው፤ ውጤቱ 256 ቢት ሲሆን ሲጻፍ 64 ምልክት ይሆናል፤ ምልክቶቹም ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው። ፋይሉ የአንድ ገጽ ጽሑፍም ይሁን የ6 ጊጋባይት አይኤስኦ፣ የሚወጣው ቁጥር ሁልጊዜ 64 ምልክት ነው። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ ከ256ቱ ቢቶች በአማካይ ግማሾቹ ስለሚገለባበጡ ውጤቱ ከቀድሞው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ስለዚህ «ትንሽ ብቻ ነው የተለያየው» የሚባል ነገር የለም፤ ወይ አንድ ናቸው ወይ አይደሉም። የእኔ ከሚንት ድረ ገጽ ካገኘሁት ቁጥር ጋር ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ አልገጠመም።

መጠኑ በባይት ልክ ሆኖ ሳለ ይዘቱ እንዴት ሊበላሽ ቻለ? ብዙ ዳውንሎድ ማኔጀሮች ማውረድ ሲጀምሩ የፋይሉን ሙሉ ቦታ ዲስኩ ላይ አስቀድመው ይይዛሉ፤ ከዚያም ፋይሉን ከፋፍለው በአንድ ጊዜ ከብዙ ቦታ እያወረዱ የተያዘውን ባዶ ቦታ ይሞላሉ። ስለዚህ ገና 5 በመቶ ብቻ በወረደበት ጊዜ እንኳ የፋይሉ መጠን ሙሉውን ሊያሳይ ይችላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ደግሞ ፕሮግራሙ «ይህን ክፍል ጨርሻለሁ» ብሎ መዝግቦ፣ ክፍሉ ግን ገና ከራም ወደ ዲስክ ሳይጻፍ የቀረበት አጋጣሚ ይፈጠራል። መብራቱ ሲመለስ ፕሮግራሙ መዝገቡን አምኖ ወደፊት ይቀጥላል፤ ያልተጻፈውም ቦታ በዜሮ ወይም በአሮጌ ዳታ እንደተሞላ ይቀራል። እኔ ያየሁት መጠን የእቃውን ስፋት እንጂ በውስጡ ያለውን አልነገረኝም።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። አገልጋዩ ላይ ያለው ፋይል በሁለት ሌሊት መካከል በአዲስ ስሪት ተተክቶ ከሆነ የተቀጠለው ፋይል ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ይሆናል። በሆቴል ወይም በካፌ ዋይፋይ ያወረዱት «አይኤስኦ» ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ያገኙት ፋይሉን ሳይሆን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ገጽ ነው። መንገድ ላይ ስለሚደርስ ብልሽት ብዙ ሰው ይጨነቃል፤ እውነትም ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል ወደ 2 ሚሊዮን በሚጠጉ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፤ ፓኬቶቹን የሚፈትሸው ቲሲፒ የተባለው የኢንተርኔት ማጓጓዣ ሥርዓት ቼክሰም ደግሞ 16 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ65,536 ዓይነት በላይ ውጤት የለውም። ሆኖም አድራሻው ኤችቲቲፒኤስ ከሆነ ምስጠራው ራሱ በመንገድ ላይ የተለወጠውን ይይዛል። ስለዚህ ከልምዴ የምለው፣ ጥፋቱን ከሩቅ ከመፈለግ በፊት እዚሁ እኛ ዘንድ፣ በመብራቱ፣ በዲስኩና በራሙ መፈለግ እንደሚሻል ነው።

ስሌቱ እንዲህ ይሠራል። በዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍተው ሰርትዩቲል የሚለውን ትእዛዝ፣ አስከትለው ከፊቱ ሰረዝ ያለበትን ሃሽፋይል የሚለውን ቃል፣ ቀጥሎ የፋይሉን ስም፣ በመጨረሻም ሻ256 የሚለውን ሁሉንም በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋሉ። የፋይሉን አድራሻ በእጅ መጻፍ ከከበደዎ ፋይሉን በማውስ ጎትተው ጥቁሩ መስኮት ላይ ይልቀቁት፤ ራሱ ይጽፈዋል። ይህ ትእዛዝ ዊንዶውስ 7 ላይም አለ፤ ነገር ግን እዚያ ውጤቱን በየሁለት ምልክቱ ክፍተት እየተወ ስለሚያሳይ ያንን አይተው ቁጥሩ ተለያየ እንዳይሉ። በፓወርሼል የሚሠራው ጌት ፋይልሃሽ ደግሞ ፊደላቱን በትልቁ ያወጣል፤ ሰርትዩቲል በትንሹ ያወጣል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት የለውም። ሰቨን-ዚፕ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ በፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ ሲአርሲ ሻ በሚለው ምርጫ ሥር ያገኙታል፤ ትእዛዝ መጻፍ ለማይወዱ ደንበኞቼ የማሳየው ይህንን ነው። በሊኑክስ ላይ ሻ256ሰም የሚለው ትእዛዝ አለ፤ እሱ ላይ ሲ የሚለው አማራጭ ተጨምሮ ከድረ ገጹ የወረደው የቁጥሮች ዝርዝር ፋይል ሲሰጠው ማወዳደሩን ራሱ ሠርቶ «ደህና ነው» ወይም «አልተሳካም» ይላል። ፋይሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ካለ 3 ጊጋባይቱን ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም፤ በአሮጌ ዩኤስቢ የሚነበብ 5 ጊጋባይት ግን ሦስት ደቂቃ ያህል ሊወስድ ይችላል።

ማወዳደሩን በዓይን ብቻ አይሥሩት። ብዙ ሰው የፊቱን አራትና የኋላውን አራት ምልክት አይቶ ያልፋል፤ ለተራ ብልሽት ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃ ይሆናል፤ ሆን ብሎ ለሚያታልል ሰው ግን ጥቂት ምልክት የሚገጥምለት ፋይል ማዘጋጀት የማይቻል አይደለም። ሁለቱን ቁጥሮች በኖትፓድ ላይ አንዱን ከአንዱ ሥር ይለጥፏቸው፤ ወይም አንዱን ቀድተው ሌላው ባለበት ገጽ ላይ በመፈለጊያው ይፈልጉት፤ ካገኘው ልክ ነው። ካልገጠመም ከማዘንዎ በፊት ያወዳደሩት ከትክክለኛው መስመር ጋር መሆኑን ያረጋግጡ፤ ኡቡንቱ የተባለው የሌላው የሊኑክስ ዓይነት ስሪቶች፣ ኡቡንቱ 22.04.3 እና ኡቡንቱ 22.04.4፣ በስማቸው አንዲት አኃዝ ብቻ ቢለያዩም ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ ቁጥራቸውም አይገናኝም።

ፋይሉ መበላሸቱን ካወቅሁ በኋላ የመጀመሪያ ሐሳቤ ጥዬው እንደገና 3 ጊጋባይት ማውረድ ነበር። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያዳነኝ ቶረንት ነው፤ ይህንንም ዘዴ ያለ ስስት ላስረዳ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ባለሙያ ሲጠቀምበት አላይምና። ብራም ኮኸን በ2001 ያወጣው ቢትቶረንት ፋይሉን ወደ ብዙ ቁራጮች ይከፍለዋል፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ ሃሽም በዚያች ትንሿ የቶረንት ፋይል ውስጥ ይዟል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሃሽ «ተበላሽቷል» ብቻ ሲለን፣ ቶረንት የትኛው ቁራጭ እንደተበላሸ ያውቃል። የሚንትን የቶረንት ፋይል ከራሱ ከድረ ገጹ አወረድኩ፤ የተበላሸውን አይኤስኦ ስሙን ሳልለውጥ ቶረንቱ ሊያወርድበት ወደሚገባው ፎልደር አስገባሁ፤ ከዚያ በቶረንት ፕሮግራሙ ላይ እንደገና እንዲፈትሽ የሚያዘውን ምርጫ ነካሁ። ፕሮግራሙ ያለውን ፋይል አንብቦ ሲጨርስ መስመሩ 99 በመቶን አልፎ ቆመ። የጎደሉት ሦስት ቁራጮች ብቻ ነበሩ። ከ10 ሜጋባይት ያነሰ ዳታ አውርዶ ጨረሰ፤ ሃሹን እንደገና ሳሰላም 64ቱም ምልክቶች ገጠሙ። በስክሪኑ ላይ ሁለቱ መስመሮች አንዱ ከአንዱ ሥር፣ ፊደል በፊደል ትይዩ ሆነው ሳያቸው የሦስት ቀን ድካሜ የነበረው በእነዚያ ሦስት ቁራጮች ውስጥ መሆኑን አሰብኩ። ይህ ዘዴ የሚሠራው ቶረንቱና አይኤስኦው ፍጹም አንድ ስሪት ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ካልሆኑ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ቁራጭ እንደ ስህተት ቆጥሮ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ያወርዳል።

በአራተኛው ጉዞ 18ቱም ማሽኖች በአንድ ቀን ተኩል ተጠናቀቁ።

ከሁሉም በላይ ልናገር የምፈልገው ግን ቁጥሩ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ ነው። ሃሽ ሁለት ነገሮች አንድ መሆናቸውን እንጂ አንዱ እውነተኛ መሆኑን በራሱ አይነግርም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ፣ ሲናመን የተባለው የሚንት ዓይነት የ17.3 ስሪት ማውረጃ ሊንክ የስውር መግቢያ በር ወደተጨመረበት አይኤስኦ እንዲያመራ ተደርጎ ነበር። ፕሮጀክቱ ወዲያው ደርሶበት ነገሩን ይፋ አደረገ፤ ሰዎች የወረደላቸውን እንዲያጣሩም ትክክለኛዎቹን የሃሽ ቁጥሮች አወጣ። ከዚህ የምንረዳው፣ ሊንኩን መለወጥ የቻለ እጅ በዚያው ገጽ ላይ ያለውን ቁጥርም ሊለውጥ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ፋይሉ በመጣበት መንገድ ቁጥሩም ከመጣ ያረጋገጥነው ፋይሉ በመንገድ አለመበላሸቱን ብቻ ነው። ፋይሉ በአንድ መንገድ፣ ቁጥሩ በሌላ መንገድ ሲመጣና ሁለቱ ሲገናኙ ግን ማረጋገጡ ክብደት ያገኛል።

ይህ ለእኛ ከተሞች ጉዳት ብቻ ሳይሆን ትልቅ ጥቅምም አለው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ትልልቅ ፋይሎች የሚዘዋወሩት በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ፣ በፍላሽና በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ቁጥሩ 64 ምልክት ብቻ ስለሆነ ከዋናው ድረ ገጽ ለማየት የሚፈጀው ዳታ ኢምንት ነው፤ ፋይሉን ግን ከማንኛውም ሰው እጅ መቀበል ይቻላል፤ ከቁጥሩ ጋር ከገጠመ ሰውየውን ማመን አለማመን ጥያቄ መሆኑ ይቀራል።

ይህን ከመምህሩ ጋር በተግባር አይተነዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር አንድ ልጅ የኡቡንቱ አይኤስኦ በሃርድ ዲስክ አምጥቶላቸው ደወሉልኝ፤ እሳቸው ዘንድ በዚያ ቀን ኢንተርኔት አልነበረም። እኔ ደሴ ሆኜ የኡቡንቱን የቁጥሮች ዝርዝር ከፈትኩ፤ እሳቸው እዚያ ፋይሉን አሰሉ፤ ከዚያም እያነበቡ እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ችግሩ በስልክ ቢ፣ ዲ፣ ሲና ኢ አንድ ዓይነት ይሰማሉ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትን። በሦስተኛው «እንግዲህ በአገራችን ስም እንጥራቸው» አሉኝ፤ ኤን አምባሰል፣ ቢን ባቲ፣ ሲን ሲሪንቃ፣ ዲን ደሴ፣ ኢን እስጢፋኖስ፣ ኤፍን ፈረስ አልናቸው። ምልክቶቹንም ሁለት ሁለት እያደረግን ስምንቱን አንድ መስመር አደረግናቸው፤ «ሰባት ደሴ፣ ባቲ ዜሮ፣ አምባሰል አራት፣ ፈረስ ፈረስ» ይላሉ፤ እኔ «ልክ ነው፣ ይቀጥሉ» እላለሁ። አጠገቤ ያለው፣ በሱቁ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ በደረቅ ወረቀት ላይ መስመሩን በእርሳስ ይሰርዛል። ስምንት መስመር ሲሞላ 64ቱ አለቁ። በዚህ ዓይነት ፋይሉ በሃርድ ዲስክ፣ ቁጥሩ በስልክ መጥተው ተገናኙ።

ከዚህ ከፍ ያለው ማረጋገጫ ዲጂታል ፊርማ ነው። ሚንትም ኡቡንቱም የቁጥሮቹን ዝርዝር ፋይል ጂፒጂ በተባለ የመፈረሚያ ፕሮግራም ፈርመው ፊርማውን በሌላ ትንሽ ፋይል ያስቀምጣሉ። የፈራሚውን ይፋዊ ቁልፍ አንድ ጊዜ ካስገቡ በኋላ ፕሮግራሙ ዝርዝሩ ከተፈረመ ወዲህ አለመነካቱን ይነግርዎታል። እዚህ ላይ ሁለት መልእክቶችን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፤ ቁልፉ በታመነ ፊርማ አልተረጋገጠም የሚለው ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን ይህ ቁልፍ የማን እንደሆነ እርስዎ ገና አላረጋገጡም ማለት ነው፤ የቁልፉን ባለ 40 ምልክት አሻራ ከሌላ ምንጭ ጋር አስተያይተው ያጣሩታል። ፊርማው መጥፎ ነው የሚለው መልእክት ከመጣ ግን ፋይሉን አይጠቀሙበት።

በአንዳንድ ገጾች ላይ ኤምዲ5 ወይም ሻ-1 ብቻ ተጽፎ ያገኛሉ። ኤምዲ5 32 ምልክት፣ ሻ-1 40 ምልክት ስለሆኑ በርዝመታቸው ይለያሉ። በመብራት መጥፋት ወይም በዲስክ ብልሽት የሚመጣውን ለመያዝ ሁለቱም ዛሬም ይሠራሉ። ለኤምዲ5 በ2004፣ ለሻ-1 ደግሞ በ2017 አንድ ዓይነት ሃሽ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ተሠርተው ስለታዩ ግን ተንኮልን ለመከላከል አይታመኑም፤ ሻ-256 ካለ እሱን ይምረጡ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ፤ የአንድ ደንበኛ ማሽን ላይ አንዱን ፋይል ሦስት ጊዜ ሳሰላው ሦስት የተለያየ ቁጥር ሰጠኝ። ፋይሉ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ የተሳሳተውን ግን ያንኑ ቁጥር በደጋገመ ነበር። በየጊዜው የሚለዋወጥ ውጤት የሚያመለክተው የሚያነበውን ማሽን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ራሙን፣ አንዳንዴም ኬብሉን ወይም ዲስኩን። ከሁለቱ ራም አንዱን አውጥቼ ሳሰላ ቁጥሩ ጸና፤ በሜምቴስት86+ ስፈትሸውም ያወጣሁት ራም በስህተት ተሞላ። ከዚያ ወዲህ ሃሽ ለእኔ የማሽን መመርመሪያም ሆኗል።

ፋይሉ ደህና ከሆነ በኋላም ፍላሹ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4,294,967,295 ባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታው 30 ጊጋባይት ቢሆንም እንኳ ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ ለማጓጓዝ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ያድርጉት። አይኤስኦውን በፍላሽ ገልብጠው ሃሹን እዚያው ሲያሰሉ ደግሞ መጀመሪያ ፍላሹን በሥርዓት አስወጥተው፣ ነቅለው እንደገና ይሰኩት፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ የሚያነብልዎ ከፍላሹ ሳይሆን ገና ራም ውስጥ ካለው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ባለ 64 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠልኝ አንድ ፍላሽ ይህን ፈተና ወድቋል፤ ከመነቀሉ በፊት የገጠመው ቁጥር ተነቅሎ ሲሰካ አልገጠመም፤ እውነተኛ መጠኑም ከተጻፈበት በጣም ያንስ ነበር። እንዲህ ያለውን ለመለየት በሊኑክስ ኤፍ3፣ በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ የተባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ማስነሻ ሆኖ የተጻፈ ፍላሽን ሙሉውን አሰልቶ ከአይኤስኦው ቁጥር ጋር ማወዳደር ግን አይቻልም፤ ፍላሹ ከአይኤስኦው ስለሚሰፋ ትርፉ ቦታም አብሮ ይቆጠራል። ለዚህ ራሱ አይኤስኦው የያዘውን መፈተሻ መጠቀም ይሻላል፤ ለምሳሌ ኡቡንቱ 20.04 ከፍላሽ ሲነሣ ፋይሎቹን ራሱ ይፈትሻል፤ ሰዎች ቸኩለው ያቋርጡታል፤ ባያቋርጡት መልካም ነው።

ዊንዶውስን በተመለከተ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 11 አይኤስኦን ቋንቋ መርጠው ሲያወርዱ በዚያው ገጽ የሻ-256 ቁጥሮችን በሰንጠረዥ ያሳያል። በጭነት መካከል ዜሮ ኤክስ 80070570 የሚል የስህተት ቁጥር ካዩ ዊንዶውስ የሚፈልገው ፋይል ተበላሽቷል ወይም አይነበብም ማለቱ ስለሆነ ማሽኑን ከመፍታትዎ በፊት አይኤስኦውን ያሰሉ። በከተማችን በብዛት የሚዞሩት «ተስተካክሎ የተሠራ» የሚባሉት የዊንዶውስ ቅጂዎች ግን ከዋናው ቁጥር ጋር በባሕርያቸው አይገጥሙም፤ አንድ ሰው ከፍቶ ነካክቷቸዋልና። ምን እንደጨመረባቸው የሚነግረን ቁጥር ስለሌለ እኔ በማንም ደንበኛ ማሽን ላይ አልጭናቸውም፤ ደንበኛው ቢያዝንብኝም ምክንያቱን ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ።

አሁን በሱቃችን ለእያንዳንዱ አይኤስኦ አንድ ገጽ ያለው ደብተር አለ። የፋይሉ ሙሉ ስም፣ የወረደበት ቀን፣ ቁጥሩ የተገኘበት ገጽና 64ቱ ምልክቶች በስምንት መስመር ይጻፉበታል፤ ደብተሩ ፋይሎቹ ካሉበት ዲስክ ውጭ በመሆኑ ዲስኩ ቢነካ ቁጥሩ አብሮ አይነካም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ፍላሽ ከመጻፉ በፊት ደብተሩን ከፍቶ «ጋሼ፣ ላንብብልዎት?» ይለኛል፤ እሱ ከስክሪኑ ያነባል፣ እኔ ከደብተሩ እከታተላለሁ። ባለፈው ሳምንትም መምህሩ ሌላ አይኤስኦ ይዘው ከኮምቦልቻ ደወሉ፤ ሰላምታችንን እንደጨረስን ወረቀትና እርሳስ እንዳቀርብ ነግረውኝ «አምባሰል ሁለት» ብለው ጀመሩ።